ሳልነክራት የጠራችው ክሪስታል
እኔ እንዲህ ባለ ነገር የማላምን ሰው ነኝ፣ ይህን አስቀድማችሁ እወቁልኝ፣ ሚዛን ተፈሪ ተወልጄ ሳድግ ጫካው ውስጥ ታየ የተባለውን ሁሉ ሰምቼ ስቄ ያለፍኩ ነኝ። ሥራዬም ለተረት አይመችም። የቡናን ፍሬ ከሚያጠቁረው ሻጋታ አንድ ፕሮቲን አውጥቼ የጨው ቅንጣት በሚያክል ክሪስታል መልክ አሳድገዋለሁ፣ ከዚያ በፈሳሽ ናይትሮጅን አቀዝቅዤ፣ በራጅ ጨረር ቅርጹን እንዲያዩልን ውጭ አገር እልከዋለሁ።

ጣጣው ማቀዝቀዙ ላይ ነው። ክሪስታሉ ውስጥ ውሃ ስላለ እንዲሁ ከቀዘቀዘ በረዶ ይሠራና ይበላሻል፣ ስለዚህ መጀመሪያ በረዶ የሚከለክል ነገር ውስጥ ይነከራል፣ የትኛው እንደሚስማማው ግን ሞክሮ ከማየት ሌላ መላ የለም። ግሊሰሪን ሰነጠቀብኝ። ስኳር አነጣብኝ። ሌሎቹን ክሪስታሎች መብራት እየጠፋ አበላሸብኝ፣ በመጨረሻ የቀረችኝ አንዲት ክሪስታል ናት፣ እሷ ከሄደች የዓመታት ልፋቴ አብሮ ይሄዳል፣ እኔ ደግሞ ደክሞኛል፣ በጣም ደክሞኛል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ከአገራችን ጫካ የሚቆረጠውን የሸኮ ማር በውሃ በጥብጬ ከግሊሰሪኑና ከስኳሩ ጠብታ ጎን ጠብ አደረግሁ፣ እንዳይደርቁም ሦስቱንም በመስታወት ከደንኳቸው።

ከሰዓት በኋላ ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ መብራት ሄደ። አብራኝ የምትሠራው ገነት «ቆይ ጄኔሬተሩን ላስነሳ፣ እስክመጣ እንዳትነክሪ አደራ» ብላኝ ወጣች። እኔ ክሪስታሏን በመርፌ ጫፍ ላይ ባለችው ቀጭን የክር ቀለበት አንስቼ የቱ ጋ ልንከራት እያልኩ ቆሜያለሁ። ከናይትሮጅኑ የሚፈሰው ነጭ ጉም ወለሉን ይሸፍነዋል፣ ሁልጊዜም ያደርገዋል፣ ያን ቀን ግን፣ እመኑኝ፣ ከጠረጴዛው ማዶ ሁለት ቦታ አልሸፍን አለ፣ የሰው እግር የሚያክል ሁለት ቦታ፣ ጉሙ ዙሪያውን እየዞረ ያልፋል። ወዲያው ችስስ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ነገር ናይትሮጅን ውስጥ ሲገባ የሚያሰማውን። እጄን ሳየው ቀለበቷ የለችም።

መብራት ሲመጣ ገነትም ተመለሰች። ቀለበቷ ናይትሮጅኑ ውስጥ ነበረች፣ ክሪስታሏም እንደ መስታወት ጠርታለች።

«ጎበዝ! በየትኛው ነከርሻት?»

«አልነከርኳትም።»

«ተይ እንጂ እህቴ፣ ሳትነከር እንዲህ ትጠራለች?»

ጠብታዎቹን አሳየኋት፣ የአንዱም ክዳን አልተነሳም። ገነት ሳቋ ጠፋ።

ክሪስታሏ ተላከች፣ ከሁሉ የጠራ ምስል የሰጠችው እሷ ናት አሉን ውጭ ያሉት፣ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አሁን በምን እንደነከርኳት ይጠይቁኛል፣ በዚያው መንገድ ድገሙት ይላሉ፣ አዲስ ያሳደግናቸው ክሪስታሎችም ደርሰዋል፣ ነክረን የሞከርናቸው ሁሉ ግን ተሰነጣጥቀዋል። ትናንት ገነት ዓይኔን ሳታይ «እንደዚያን ቀን ብቻሽን ትቼሽ ልውጣ?» አለችኝ።