የአንዳርጌ ጋራዥ አራተኛው ምሰሶ

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እውነት ነው። ብዋሽ በሬዎቼ በሰኔ እርሻ መካከል ይተኙብኝ።

በ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. አርብ ገበያ በምትባል ከተማ አንዳርጌ የሚባል የቀድሞ ሾፌር፣ በግቢው ባሠራው ጋራዥ በገዛ ጂፑ ሥር ሞቶ ተገኘ። ጂፑ ሲወድቅ ወገዳ ድረስ ተሰማ ይላሉ፤ እኔማ ከዚያም አልፏል ባይ ነኝ።

አጥቢያ ዳኛው ግራዝማች ወልደ ሩፋኤል ሲደርሱ የሟች ሚስት ወንድም ሞላ በገመድ ታስሯል። ጋራዡ የቆመው ሞላ «የእኔ ነው» በሚለው አውድማ ላይ ነዋ! ደብረ ታቦር ከወሰዱት የሚጠብቀው ስቅላት ነው።

አንዳርጌ ጋራዡን ያቀደው በመኪና ማንሻው ዙሪያ ነበር። መሃል ላይ አራት ወፍራም ምሰሶ፣ በላያቸው ሰንሰለት የሚንጠለጠልበት አግዳሚ፣ የመሥሪያ ጠረጴዛው በስተግራ፣ በሩ መኪናው ቀጥ ብሎ እንዲገባ ፊት ለፊት። በአመድ ያሰመረው መስመር እንኳ ገና አልጠፋም። አራተኛው ምሰሶ ግን ከነሥሩ ተነቅሎ ተጋድሟል።

«ሞላ፣ ሥሩን ቆፍረህበታል?»

«ተሰዳድበናል ግራዝማች፤ አልክድም። የእህቴን ባል ግን አልገደልሁም።»

«ብርነሽ፣ የጉድጓዱን ልክ ማን ሰጠ?»

«ባሌ ነው ጌታዬ። በገዛ ክንዱ ልክ በትር ቆርጦ ለጓዴ ሰጠው። ‹ሦስት ክንድ ካልጠለቀ መኪና አይችልም› ሲለው ሰምቻለሁ።»

ቆፋሪው ጓዴ ድንክ ቢጤ ነው፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ሰው የሚያስቅ።

«ሦስት ክንድ አለኝ፤ ሦስት ክንድ ቆፈርሁ። ክንድ እንደሁ ሰው ሁሉ አለው ጌታዬ!»

ማንም አልሳቀም።

በማግስቱ አውጫጭኝ ተጠራ። እውነቱ ሳይወጣ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። ግራዝማች የወደቀውን ምሰሶ ከሰዉ መካከል አስጋደሙት።

«ጭቃው እስከዚህ ነው፤ ከመሬት በታች የነበረው ይኸ ነው። ጉድጓዱ አፍ ላይ የዶማ ምልክት አላየሁም፤ ስለዚህ ማንም ሥሩን አልቆፈረም። ታዲያ ለምን ተነቀለ? ይኸው በሟች በትር ስለካው ሁለት ክንድ ከስንዝር ብቻ ነው። ጎደለ! በሉ፣ አሁን ሁላችሁም በየክንዳችሁ ለኩ።»

ሞላ እጁን ተፈትቶ ለካ፤ ሦስት አልሞላም። የሌላውም ጎደለ። ጓዴ ሲለካ ልክ ሦስት ሆነ።

«አለት ገጠመኝ» አለ ጓዴ አንገቱን ደፍቶ። «ሰለቸኝ። በትሩን ወዲያ አደረግሁና በራሴ ክንድ ለካሁ።»

«ይኸ ሰው ሲታሰርስ የት ነበርህ?»

«እዚሁ ነበርሁ። አፈርሁ፣ ጌታዬ።»

ብርነሽ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አደረገች። «ቃሬዛውን የተሸከምኸው አንተ አይደለህም? ‹እግዜር ያጥናሽ› ያልኸኝስ?»

ጓዴ ሊሄድ ተነሣ። ማንም አልመታውም፣ ማንም አልሰደበውም። ሰዉ ልብሱ እንዳይነካው እየሰበሰበ መንገድ ለቀቀለት።

ሁሉም እውነት ነው ብያለሁ። አንዲት ነገር ብቻ ፈጥሬያለሁ፦ ጓዴ የሚባል ቆፋሪ አልነበረም። የራሴን ስም መጻፍ አፍሬ ነው።