የአምባቸው ተራ

አምባቸውን ከጣና ማዶ ከቁንዝላ የጫነችው ጀልባ ባሕር ዳር ስትደርስ የያዘችው ሬሳ ነበር። ዓሣ አጥማጁ ማክሰኞ ለኩላሊት እጥበት መጥቶ፣ ስምህ ከተራው ላይ የለም ተብሎ ተመልሷል። ሐሙስ ትንፋሽ ሲያጥረው እንደገና አሳፈሩት፤ አልደረሰም።

ስሙን ማን አነሣው?

የሆስፒታሉ መዝገብ ቤት ሠራተኞች ኮምፒውተሩን የሚከፍቱት ሁሉም በአንድ የይለፍ ቃል ነው። ለየብቻ ማውጣቱ ሥራ ያበዛል ብለው ትተውታል። ስለዚህ ለኢንስፔክተር ሸዋዬ የቀራት ፍንጭ ዋናው ማሽን ለእያንዳንዱ ግንኙነት የሚሰጠው ቁጥር ብቻ ሆነ። ስሙ የጠፋው ሰኞ በሰባት ሰዓት፣ በ4127 ነው። ጧት በ4127 ከክፍሏ የገባችው ደግሞ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ዘይነት ናት።

ዘይነት ታሰረች።

«በሰባት ሰዓት የት ነበርሽ?»

«ፋይል ክፍል፣ እየሰገድሁ። ኮምፒውተሩን ዘግቼ ነው የወጣሁት።»

«ማን አየሽ?»

«አላህ።»

ሸዋዬ አላመነቻትም። የዘይነት እናት ከፋሲሎ ሰፈር ስንቅ ሲያመላልሱ ስምንት ቀን አለፈ።

በዘጠነኛው ቀን የማሽኑ ባለሙያ ብሩክ ፖሊስ ጣቢያ መጣ። ዐይኑን ከወለሉ አላነሣም። ማሽኑ ከየትኛው ክፍል እንደተገባ የሚጽፈው ግንኙነቱ ሲከፈት ብቻ ነው፤ እሱም የመጀመሪያውን 4127 አይቶ ሌላ አልፈለገም።

«ቁጥሩ እንደ አልጋ ቤት ቁልፍ ነው፤ አንዱ ሲወጣ ለሌላው ይሰጣል» አላት። «ሰውየውን የሚለዩት ቁጥሩን ከገባበት ሰዓት ጋር አድርገው ሲያዩት ነው። እኔ ሰዓቱን ተውሁት።»

ዘይነት በስድስት ሰዓት ተኩል ወጥታለች። ከሃያ ደቂቃ በኋላ በዚያው ቁጥር የተገባው ከመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ክፍል ነው።

ሸዋዬ ኃላፊውን አቶ ፍሬ ስብሐትን እጥበት ክፍሉ በር ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። አልካዱም። ሚስታቸው አራት ወር ተራ ጠብቀው እየከሱ ሲሄዱባቸው፣ በአምባቸው ቦታ የእሳቸውን ስም አስገቡ።

«ያነሣሁት ስም ነው» አሉ። «ፊቱን አላየሁትም።»

«የዘይነትንስ ፊት?»

አሥራ አንድ ዓመት አብራቸው ሠርታለች።

ሸዋዬ ወደ ጣቢያው ደውላ ዘይነትን አስፈታች። ሰውየው እጥበቱ እስኪያልቅ ብቻ እንድትታገሣቸው ለመኗት። አጠገባቸው ተቀመጠች፤ የደንብ ልብስ አልለበሰችም።

በሩ ሲከፈት ሚስትየዋ ነርሷን ተደግፈው ወጡ። ፊታቸው ላይ ደም ተመልሷል። አግዳሚው ላይ ያለችውን ሴት አይተው ቆሙ።

«የታመመብሽ ሰው አለ፣ የኔ ልጅ? አይዞሽ። መታገሥ ነው እንጂ ተራው ይደርሳል።»

ፍሬ ስብሐት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።