ምጥ የያዛት ውሻ

የሙጂብ አስከሬን ማክሰኞ ከዐስር ሶላት በኋላ በገዛ በረቱ ውስጥ ተገኘ። ማጅራቱን ተመትቶ ነበር። በማግስቱ ጧት ከከሚሴ ወደ ጨፋ የወረደችው መርማሪ፣ ኢንስፔክተር ዓፊያ፣ በረቱን ፈትሻ ስትወጣ ዓይኗ ጎተራው ሥር በተኛች እርጉዝ ውሻ ላይ አረፈ።

«ትናንት ከዙህር እስከ ዐስር ሶላት የት ነበርክ?» አለችው የሟቹን ታናሽ ወንድም ሪድዋንን።

«ቦርከና ዳር፣ ከብት ስጠብቅ። ወላሂ፣ ከዚህች ውሻ በቀር አብሮኝ የነበረ የለም። እንደ ወትሮዋ ስትከተለኝ ዋለች፤ ከእንጎቻዬም አካፍያት በላች።»

ጎረቤቱ ሙሳ ያን ያህል ምስክር እንኳ አልነበረውም።

«ብቻዬን ማሽላዬን ስኮተኩት ነበር» አለ። «ከሟቹ ጋር በድንበር መጣላታችንን አገር ያውቃል። እኔን ነው የምትወስጅው፣ አይደል?»

ዓፊያ ወደ ሟቹ ሚስት ወደ ሰሊማ ዞረች። ሰሊማ ከቀትር ጀምሮ ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ እንደነበረች ብዙ ሰው አይቷታል፤ ስትመለስ ሬሳውን ያገኘችውም እሷ ናት።

«ውሻዋ መቼ በላች?»

«ባሌ ሞቶ ስለ ውሻ?»

«መልሺልኝ፣ እህቴ።»

«ትናንት ጧት የሰጠኋት ገንፎ ያውልሽ፤ አልነካችውም። ወፍጮ ቤት ስሄድ እዚያው ጉድጓድ ስትምስ ትቻት ሄድኩ።»

ዓፊያ በርከክ ብላ አየች። ገንፎው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ውሻዋ ታለከልካለች፤ ተነሥታ ትዞርና መልሳ ትተኛለች፤ ጡቷ አግቷል። ከሥሯ በቀዳደደችው ጆንያ መሃል የደረቀ ደም ያለበት ሰማያዊ ፎጣ ይታያል። እሷ ግን ገና ጠብታ አልደማችም። የመጀመሪያው ቡችላ የተወለደው ረፋዱ ላይ ነው።

ያኔ ዓፊያ ሁሉንም ጎተራው አጠገብ ሰበሰበች። የወንድማማቾቹ እናት ሀዲጃም መጥተው ተቀመጡ።

«ውሻ ለመውለድ አንድ ቀን ሲቀራት እህል ይዘጋታል» አለች ዓፊያ። «ትምሳለች፣ ጨርቅ ትሰበስባለች፣ ከመረጠችው ቦታ አትርቅም። ያወጣችው አፈር ግማሹ ደርቋል፤ ስለዚህ መማሱን የጀመረችው ትናንት ነው። ቦርከና ዳር ደግሞ ጭቃ ነው። ያን ሆድ ይዛ ሄዳ ቢሆን ጡቷ በጭቃ ይለወስ ነበር፤ ግን ንጹሕ ነው። ሪድዋን፣ እንጎቻህን ለማን አካፈልክ?»

ሪድዋን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ሰሊማ፣ አንችን ትለምድሻለች። ፎጣውን ቀስ ብለሽ ሳቢው።»

ሰሊማ ስባ አወጣችው። «የሪድዋን ነው» አለች።

«ደሙን ጠርገህበት ከበረቱ ጀርባ ጣልከው። ለልጆቿ መኝታ ስትፈልግ እሷ አገኘችው።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ የአባታችንን መሬት እንዲያካፍለኝ ለመንኩት» አለ ሪድዋን መሬት መሬት እያየ። «ትናንትም ሳቀብኝ።»

ከዓፊያ ጋር የመጡት ፖሊሶች ሪድዋንን በካቴና አሰሩት። ሀዲጃ ተነሥተው የታሰረ እጁን ያዙ። «ሬሳው ዛሬ ከሆስፒታል ይመጣል» አሉ ዓፊያን። «ሙጂብን ቀብር የሚያወርድ ወንድም ይሄ ብቻ ነበር። ሌላ ልጅ የለኝም።»

ዓፊያ የእናትየውን እጅ ቀስ ብላ አላቀቀች።

ፖሊሶቹ ሪድዋንን ጭነው ወደ ከሚሴ ሲያቀኑ ሙጂብን የያዘችው መኪና በዚያው መንገድ ትመጣ ነበር። ጠባቡ ድልድይ ላይ የሪድዋን መኪና ቆማ አሳለፈቻት።