የጀይሉ ጉድጓድ

ጀይሉን ከገዛ ግቢው የፍሳሽ ጉድጓድ በገመድ ጎትተው ሲያወጡት፣ ሴት ልጁን ለጋብቻ ሊጠይቁ የመጡት ሽማግሌዎች በሩ ላይ ደርሰው ነበር። ኮልፌ ላይ ቤት እያከራየ ስንቱን ሲያስለቅስ የኖረ ሰው መጨረሻው ይህ ሆነ።

ጎረቤቱ ሁሉ ጣቱን የቀሰረው በሃጂራ ላይ ነው። ሃጂራ ከአጥሩ በታች የምትኖር መበለት ናት፤ ክረምቱን ሙሉ የጀይሉ ፍሳሽ በባኞዋ እየገነፈለ ሁለት ልጆቿን በተቅማጥ አልጋ ላይ ጥሎባት ከርሟል። ትናንት በሰው ፊት «የላክብኝን አላህ ያጠጣህ» ብላ ረግማዋለች። ዛሬ ጠዋት ፍሳሹ በራሱ በጀይሉ ቤት ገነፈለ፤ ወደ ጉድጓዱ የሚወርደው ቧንቧ በከረጢት ተወትፎ ተገኘ። ፖሊሶቹ ሊወስዷት መኪና አስነሥተዋል፤ ልጆቿ ቀሚሷን አንቀው ይዘዋል።

ኢንስፔክተር ወርቅዬ ግን ለወሬ የምትቸኩል ሴት አይደለችም። መጀመሪያ የቧንቧ ሠራተኛውን ወንድዬን አነጋገረች። ጉድጓዱን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከፍቶ፣ እንደ ሙያው ደንብ መርዛማው አየር እንዲወጣለት ግማሽ ቀን እንደተወው ነገራት። እሱ መሣሪያ ሊያመጣ ገበያ ሄዶ ሳለ፣ ጀይሉ ለእንግዶቹ ቸኩሎ ራሱ ገባ።

የሟች ሚስት ሃፊዛ ከሴቶቹ ጋር ጓዳ ነበረች፤ ጉድጓዱ ወዳለበት ጓሮ የወጣ የለም። ጀይሉ አስኮ ዘመድ ሊጠራ ሄዶ የተመለሰው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። ሌላ ሠራተኛ ቢፈልግም፣ ዓምና አንድ ሰው እዚያው ከሞተ ወዲህ ከወንድዬ በቀር የሚደፍር ጠፍቷል።

«ዓምና የሞተው ሰው ስሙ ማን ነበር?» አለች ወርቅዬ።

«እንጃ፤ ጀይሉ ‹ሰክሮ ወደቀ› ነው ያለው» አለች ሃፊዛ።

ወርቅዬ መሬት ላይ የተጋደመውን የጉድጓዱን የሲሚንቶ ክዳን አስነሥታ ከሥሩ ያለውን አፈር በጣቷ ነካች። ወደ ጣቢያ ደወለች። ከዚያ ሁሉንም በረንዳው ላይ ሰበሰበች።

«ሃጂራን ልቀቋት። ከረጢቱ የተወተፈው ከጉድጓዱ ውስጥ በኩል ነው፤ ትናንት የፍሳሽ መምጠጫ ቦቴ መጥቶ ጉድጓዱን መጥጦ ሲያበቃ እዚያ የገባው ወንድዬ ብቻ ነው።»

«ለጽዳት ነው የገባሁት» አለ ወንድዬ።

«ሁለት ሳምንት ጠፍቶ የሰነበተው ዝናብ ዛሬ ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት ዘነበ። ክዳኑ ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ተኝቶ ቢሆን ሥሩ ደረቅ በሆነ፤ መሐሉ ድረስ ጭቃ ነው። ጉድጓዱ የተከፈተው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። ሌሊቱን ታፍኖ ያደረውን ጉድጓድ ‹ተናፍሷል› ብለህ ጀይሉን አስገባኸው። ዓምና የሞተው ሰው በመዝገብ ላይ ግሩም ወልደሰንበት ይባላል። የአንተስ የአባት ስም?»

ወንድዬ እዚህ ግቢ ሲመላለስ ዓመት ሊሞላው ነው፤ የአባቱን ስም የጠየቀው አልነበረም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

«ወልደሰንበት» አለ። «ወንድሜ መጠጥ ቀምሶ አያውቅም። ጀይሉ ‹ከጠዋት ጀምሮ ክፍት ነው፣ ግባ› አለው፤ ሲሞትበት ሰካራም አደረገው። ደሙን መለስኩ፤ አይቆጨኝም።»

«ሃጂራ አንተ ባፈሰስከው ደም ስትታሰርስ?» አለችው ወርቅዬ።

ይኼኔ ብቻ አንገቱን ደፋ። ሃጂራ አልሰደበችውም፤ ልጆቿን ወደ ጉያዋ ሳበች።

ሃፊዛ ተነሣች። «ሲሞት አልጠራህም?»

«ጠራኝ፤ አፋፉ ላይ ነበርኩ። ‹ወንድዬ፣ እጅህን› አለኝ። እጄን አልሰጠሁትም፤ ሙሉ ስሜን ነገርኩት።»