የተያዘ ትንፋሽ

ልብስ ሰፊው ደንበኛ ሲለካ የማትቀርበት አንዲት ቀልድ ነበረችው። «ሆድዎን አያስገቡ፤ ኋላ ሱሪው ይታዘብዎታል!» ደንበኞቹ ስቀው ትንፋሻቸውን ይለቃሉ፤ እሱም ትክክለኛውን ቁጥር ይጽፋል።

ይኸው መካሪ ታዲያ የክሊኒኳ ነርስ ሜትሯን በወገቡ ዙሪያ ስትጠመጥም ሆዱን እስከ ጀርባው ሳበው። አስቦበት አይደለም። ፀጉሯ አገጩ ሥር ነበር፤ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። የረፋዱ ፀሐይ መጋረጃውን አልፎ ክፍሉን ሞልቶታል፤ ሕልም ውስጥ የገባ መሰለው።

«እጅና እግርዎ ቀጭን ነው» አለችው። «ስቡ የተከማቸው ሆድዎ ላይ ነው፤ ክፉው ደግሞ እሱ ነው። ስኳርዎም ወሰኑ ላይ ደርሷል።»

«ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ስሰፋ ለስላሳ እጠጣለሁ» አላት አፍሮ። «አባቴም ስኳር ነበረባቸው። ዓይናቸውን አጠፋው።»

ዓይን ለልብስ ሰፊ ምን እንደሆነ መቼም አይነገርም።

በየወሩ ተመላለሰ። በየወሩ ትንፋሹን ይዞ ሆዱን ካለፈው ወር አብልጦ ያስገባል፤ በሜትሯ ላይ ወገቡ ይቀንሳል፤ የእሷም ፊት ይፈካል። «ጎሽ! ሁለት ሴንቲ!» በዚያች ፈገግታ ተማርኮ ለስላሳውን መተው እንኳ ረሳ። ሱቁ ሰው ሲያጣ ግን የገዛ ሱሪውን ስፌት እየተረተረ ያሰፋ ነበር።

በአራተኛው ወር የደም ምርመራውን ውጤት ማኅደሩ ላይ ከጻፈችው ቁጥር ጋር አስተያየች።

«ወገብዎ ስድስት ሴንቲ ቀንሷል። ስኳርዎ ግን ጨምሯል። ሐኪሙ ‹መድኃኒቱ ይቆይ› ያለው እኔ የጻፍኩትን ቁጥር አምኖ ነው።» ቁጥሮቹን በጣቷ ተከተለች። «ምኑ ላይ ተሳሳትኩ?»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ከልጅነቱ ጀምሮ ሰምቷል።

«እርስዎ አልተሳሳቱም። ሲለኩኝ ትንፋሼን እይዛለሁ።»

«ለምን?»

«ቀጭን መስዬ እንዲያዩኝ።»

እጇን አፏ ላይ ጫነች። ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ አልለየለትም። ከዚያ ማኅደሩን ዘጋችው።

«ዛሬውኑ ሐኪሙ ጋ ይገባሉ። ከእንግዲህ ደግሞ የሚለኩዎት ባልደረባዬ ናቸው። ትልቅ ሴት ናቸው፤ እሳቸው ፊት ሆድዎን አያስገቡም።»

ሰማይ የተደፋበት መሰለው። ይቅርታ ብሎ ተነሣና በሩን ያዘ።

«ቆይ እንጂ!» አለችው። «ያባረርኩህ መሰለህ? የምትመጣበትን ቀን ስቆጥር የምውል ሰው እንዴት አድርጌ በትክክል ልለካህ?» አንገቷን ደፋች። «ከሥራ ስወጣ ቤቴ ድረስ በእግሬ ነው የምሄደው። አንድ ሰዓት ይፈጃል። ሁልጊዜ ብቻዬን ነኝ።»

«እኔ እኮ ቶሎ ይደክመኛል።»

«ሲደክምህ እንቆማለን።»

በዚያው ምሽት ወደ ቤቷ በሚወስደው ዳገት ላይ አምስት ጊዜ ቆሙ። በአምስተኛው እንደ ወናፍ እየተነፈሰ፣ ሆዱ ሸሚዙን ወጥሮት፣ እንደ ልማዱ ሊያስገባው ሲል መዳፏን አሳረፈችበት።

«ተወው፤ እሱን አብረን እናጎድለዋለን» አለችው። «እኔ ይኼን ሁሉ ወር የማየው ዓይንህን ነው። እሱን ጠብቅልኝ።»