መብራት ሳይኖር የመጣ መልስ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ ስቄ የማልፍ ሰው ነበርኩ፣ ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ ባቋርጥም ጥላዬን አልፈራም፣ የምፈራው ሰው ፊት ማውራት ነው፣ ለዚህም ነው በአፌ ያልነገርኩትን የምጽፍላችሁ።

ላፍቶ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ እትዬ ሂሩት ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ለሦስተኛ ዲግሪዋ የምታጠናው፣ ኮምፒውተር ፊደል ያለበትን ሒሳብ እንዲሠራ ማድረግን ነው። አንድ ቀን ፈራ ተባ እያልኩ ብጠይቃት፣ «ስድስት በሰባት ሲባዛ አርባ ሁለት አይደል? እኔ ደግሞ አርባ ሁለቱን ሰጥቼው ስድስትና ሰባቱን ፈልግልኝ እለዋለሁ፣ የእኔ አርባ ሁለት ግን ግድግዳ ይሞላል» አለችኝ።

ኮምፒውተሩ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሳያርፍ ሲፈልግ ነበር። መልሱን ሰኞ ለአማካሪዋ ካላሳየች ትምህርቷ ይቋረጣል፣ ባትሪው ደግሞ የሞተ ነው፣ መብራት ከጠፋ አብሮ ድርግም ይላል። ቅዳሜ ከሰዓት መካኒሳ ለቅሶ ልትደርስ ስትወጣ፣ «አደራ፣ እንዳትነኪው፣ አቧራውንም ተይው» አለችኝ።

«እሺ እትዬ።»

«እትዬ አትበይኝ፣ ገና ባል አላገባሁም!» ብላ እየሳቀች ሄደች።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ዝናቡ ሲጀምር መብራት ጠፋ። የፍሪጁ ድምፅ ቆመ፣ ታች ያለው ብረታ ብረት ቤትም ጩኸቱን አቆመ። ከዚያ ሰማሁት፣ የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ሽው ይላል። እመኑኝ፣ የኮምፒውተሩን ክፍል በር ስከፍት ስክሪኑ በርቷል፣ ጽሑፉም ተሰድሯል። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ የአስቤዛ ዝርዝር የምጽፍበትን ወረቀት አንስቼ፣ ትርጉሙን ባላውቅም እንደ ጥልፍ ንድፍ እያየሁ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ ገለበጥኩ። የመጨረሻዋን ቅንፍ ስዘጋ ድምፁ ቆመ፣ ስክሪኑም ጠቆረ። እጄን ሳሳርፍበት፣ ዘጠኝ ቀን ሲግል የከረመው ኮምፒውተር እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል።

እትዬ ሂሩት ስትመለስ መብራት አልመጣም ነበር። «አለቀልኝ» ብላ ነጠላዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ዘፍ አለች። ወረቀቱን ሰጠኋት።

«ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«ከኮምፒውተሩ።»

«መብራት ሳይኖር? ትቀልጃለሽ እንዴ?»

«እኛ ትምህርት ቤት» አልኩ መሬት መሬቱን እያየሁ፣ «ማካፈላችን ልክ መሆኑን የምናረጋግጠው በማባዛት ነበር።»

መብራት ሲመጣ አባዛችው፣ ደቂቃም አልፈጀ፣ ያ ግድግዳ የሚሞላው ሒሳብ ቁጭ አለ። «አንቺ ልጅ!» ብላ አቀፈችኝ፣ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች። ኮምፒውተሩ የመዘገበው ግን ሥራው ሳያልቅ፣ መብራት በጠፋበት ደቂቃ እንደተቋረጠ ነው።

ሰኞ አማካሪዋ እንዴት እንዳገኘችው ሲጠይቋት «ማባዛቱን ይዩት» ብላ አለፈች፣ እሳቸውም ካዩት በኋላ ቀጥይ አሏት። እኔንም ማታ ትምህርት ሰባተኛ ክፍል አስመዘገበችኝ፣ አሁን ሒሳብ ላይ እጄን አወጣለሁ።

ወረቀቱ ላይ ግን ከመልሱ በታች፣ ከስክሪኑ አብሬ የገለበጥኩት፣ በእኔው እጅ የተጻፈ ሌላ መስመር አለ። እትዬ ሂሩት እሱንም አባዝታዋለች፣ የወጣው ግን እሷ ለኮምፒውተሩ ሰጥታው የማታውቀው ሒሳብ ነው። አንዳንዴ እየበላን ድንገት ጉርሻዋን ታቆምና፣ «ይሄንን ደግሞ ማን ጠይቆ ነው?» ትለኛለች፣ ሁለታችንም ወደ ኮምፒውተሩ ክፍል በር እናያለን።