ከሰዓት በኋላ የሚቆመው ባትሪ

ልብስ ሰፊዋ ውሸታም አልነበረችም። ቀሚስ የጠበባትን ደንበኛ «ወፍረሻል» ብላ ፊት ለፊት የምትናገር፣ በዚህም ስንት ደንበኛ ያጣች ናት። ለተመራማሪው ግን ዓይኗን በጨው አጥባ ዋሸች።

ሰውየው በፀሐይ የሚሞላ አዲስ ባትሪ ሠርቶ፣ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ሥራ ላይ እንድትሞክርለት ሰጣት። የእግር ስፌት መኪናዋ ላይ ሞተር ገጠመላት፤ የፀሐይ ሰሌዳውን ከቆርቆሮው ጣሪያ ላይ አስሮ፣ ባትሪውን ከሥሩ ሰቀለው። ከዚያ ወዲህ «ወደ ሥራ ስሄድ በመንገዴ ነው» እያለ ጠዋት ጠዋት ጎራ ይላል።

ባትሪው ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ሲግል ቀጥ ይላል። እሷም መኪናውን የሚያዞረውን ቀበቶ ከሞተሩ አውልቃ በእግሯ እየረገጠች ታመሻለች። ጠዋት ሲጠይቃት ግን «እስኪመሽ ሠራ» ትለዋለች። ፊቱ ሲፈካ አንጀቷን ይበላዋል። ደግሞስ አይሠራም ካለችው ነቅሎት ይሄዳል፤ ከዚያ በምን ሰበብ ይመጣል?

አብራት የምትሠራው አክስቷ፣ «አንቺ ልጅ፣ እግርሽ እየረገጠ አፍሽ ፀሐይን ያመሰግናል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለቻት። አልሰማቻትም።

ባትሪውን በፋብሪካቸው ለማምረት የሚወስኑት ሰዎች ሥራ ላይ ሊያዩት ወደ ልብስ ሰፊዋ ቤት ጠዋት ሲጠበቁ ከሰዓት በኋላ ደረሱ። ተመራማሪው እሷ የሰፋችለትን ሸሚዝ ለብሶ፣ ባትሪው ቀኑን ሙሉ ሳይቆም እንደሚሠራ ነገራቸው። «ምስክሬ እሷ ናት» አለ። እሷም በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

እጅጌ ስትሰፋ ሞተሩ አቃስቶ ቆመ። የለመደ እጅ ነውና ሳታስበው ቀበቶውን አውልቃ መርገጥ ጀመረች። ቀና ስትል ሁሉም እግሯን ያያሉ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አለ አንደኛው እንግዳ።

የሰው ፊት እሳት ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። «አዎ» አለች። ሰዎቹም «ሲደርስ ጥራን» ብለውት ሄዱ።

ተመራማሪው ወንበር ላይ ወጥቶ ባትሪውን ሲነካው እጁን አቃጠለው። የእሱ ቤተ ሙከራ ቀዝቃዛ ነው፤ ሙቀት ባትሪውን እንደሚጎዳው ከዚህ ቤት በቀር የሚነግረው አልነበረም።

«ለምን ዋሸሽኝ?»

«ነቅለኸው ትሄዳለህ ብዬ።»

«ባትሪውን ይህን ያህል ወደድሽው?»

«ባትሪው ገደል ይግባ» አለች። ከዚያ በኋላ ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም። እሱም ባትሪውን ታቅፎ፣ ደህና ዋይ እንኳ ሳይላት ወጣ።

ሳምንታት አለፉ። ኀፍረቱ ግን አልለቀቃት አለ፤ ፔዳሉን በረገጠች ቁጥር የእንግዶቹ ዓይን ይታያታል። አክስቷ እንኳ መቀለዱን ተወችው።

አንድ ጠዋት መጣ። ባትሪውን አየር በሚገባበት ሣጥን አድርጎት ነበር። «ሲቆም ያኔውኑ ደውዪልኝ፤ አደራ» ብሏት ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ቆመ። ስልኳን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠች። ያን ፊት እንደገና ማጨለም ሞት ሆነባት። በመጨረሻ ደወለች።

«ቆመ» አለችው።

«መጣሁ» አለ።

ላብ በላብ ሆኖ ደረሰ። ባትሪውን ሳያይ በር ላይ ቆመና፣ «እኔም ዋሽቼሻለሁ። ቤተ ሙከራው በወዲያኛው የከተማ ጫፍ ነው፤ በመንገዴ አይደለሽም» አለ።

አክስቷ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና «ዋሾ ከዋሾ ተገናኘ» አለች።

ልብስ ሰፊዋ እንግዶቹ ከመጡባት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። እሱ ባትሪውን ሊያወርድ ሲወጣ ወንበሩን ያዘችለት።